ሴትየዋ ቀና ስትል

መብራቱ የጠፋው ሴትየዋ ቀና ስትል ነው።

ጅቡቲ ውስጥ በሙቀቱ ወራት መብራት ጠፋ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም፤ ባሕሩ ጨው ነው ብሎ እንደ ማውራት ይቆጠራል። ያን ቀን ግን ያጠፋውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት። ሴትየዋ የፊልም ሴት ናት፤ ፈረንሳይኛ የምታወራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አበባ የምትሸጥ። ቀና ብላ ልታየው የነበረው ሰውም የፊልም ሰው ነው። ሁለቱም በዚህ ዓለም የሉም። እኔ ግን ሙቀጫዬን በእግሮቼ መሀል እንደያዝኩ፣ በጠቆረው ቴሌቪዥን ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ደርቄ ቀረሁ።

ያኔ ራስ ዲካ የሚባል ሰፈር፣ ከባሕሩ ፈንጠር ብሎ ባለ ቤት ውስጥ እያደርኩ እሠራ ነበር። ማዳሜና ባሏ ከቢሮ መጥተው ምሳቸውን ይበሉና ክሊማውን ከፍተው፣ ክፍሉን አቀዝቅዘው ይተኛሉ። የኔ ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው ነበር፤ የባልየው አባት። ጫት ከኛ አገር ተጭኖ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ይደርሳል፤ ሲደርስ ሱቁም መንገዱም ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ትራሱ ላይ ጋደም ይላል። ሽማግሌው ጥርስ አልነበራቸውም። ጫቱን ግን የሚያስተዋቸው አልተገኘም፤ ስለዚህ እኔ የክፍላቸው በር ላይ ተቀምጬ እወቅጥላቸዋለሁ፣ ስኳር ጣል አድርጌ በማንኪያ እሰጣቸዋለሁ። ከአገሬ የመጣውን ቅጠል ከአገሬ የመጣች ሴት ትወቅጠዋለች። አንዳንዴ ይሄን ሳስበው ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሽማግሌው ልጅነታቸውን ያሳለፉት ድሬዳዋ ነው፤ አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አማርኛቸው የድሬ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ። የገባሁ ሰሞን ከኋላዬ ወንድ የቆመ እየመሰለኝ እዞር ነበር፣ በኋላ ለመድኩት። ጅቡቲ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ጣሪያ በሌለው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው፤ ሚስት ያገኙት እዚያ፣ የተደባደቡት እዚያ፣ የመጀመሪያ ጫታቸውን የቃሙት እዚያ። አሁን በሳተላይት የሚመጣ የፈረንሳይ ጣቢያ አለ፤ ከሰዓት በኋላ የድሮ ፊልም ያሳያል። ፈረንሳይኛዬ ያኔ ከ"ዳኮር" እና ከ"ሜሲ"፣ ከእሺና ከአመሰግናለሁ፣ አያልፍም ነበር። እሳቸው እያላመጡ ይተረጉሙልኛል።

"ስማ አንተ ልጅ" አሉኝ ያን ቀን፣ "ይሄን ፊልም በጎረምሳነቴ አይቼዋለሁ። ጥሩ ነው፣ ዋላሂ። ሙቀጫውን ቀስ አድርገው፣ አልሰማም።"

ሰውየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ገና ሳይነጋ ተነስቶ ወደ ሥራው የሚሄድ፣ የማንም ጠላት ያልሆነ። አንድ ማለዳ ዝናብ ይይዘውና ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ ይሮጣል። በሮጠበት መንገድ ላይ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ሀብታም ተገድሎ ይገኛል። ጥግ ላይ አበባ የምትሸጥ ሴት ፍርድ ቤት ቀርባ፣ "ሲሮጥ ያየሁት እሱ ነው" ትላለች። ዳኛው "ለምን ሮጥክ?" ይሉታል። "ዝናብ ነበር" ይላል። በቃ፣ ያለው መልስ ይሄ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሳቁ። "እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚሮጠው ወደ ውጭ ነው! እዚህ ቢሆን ይሄ ሰውዬ ነፃ ይወጣ ነበር።"

እኔ አልሳቅሁም። ወንድሜ የተፈረደበት እዚሁ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው እስር ቤት ውስጥ አርጅቶ ይወጣል። እኔ አሁን ሽጉጥ ገዝቶ እውነተኛውን ገዳይ ሊፈልግ ነው ብዬ ነበር፤ ሌሎቹ ፊልሞች እንደዛ ናቸው። ይሄ ግን የሚፈልገው ሴትየዋን ነው። እዚያው ጥግ ላይ አርጅታ ያገኛታል። በየቀኑ እየመጣ አንድ አበባ ይገዛል። እሷ ግን አበባውንና የሚዘረጋላትን እጅ እንጂ ፊቱን አታይም። አንድ ቀን ኮፍያውን አወለቀና፣ "ማዳም፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ እዪኝ" አላት። ሴትየዋ ቀና አለች።

መብራቱ ጠፋ። ማዳሜና ባሏ በሙቀቱ ተቀስቅሰው ወጡ፣ በሮች ተከፋፈቱ፣ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። መብራቱ ሲመለስ ፊልሙ አልቆ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ።

"ምን አለችው?" አልኳቸው ሽማግሌውን። "አባባ፣ ምን አለችው?"

ማንኪያቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨመርኩላቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉ። "አወቀቻት፣ እኮ!" አሉ፤ ሲደሰቱ ደግሞ ወንዱን ሴት ያደርጉታል። "አየችው፣ አለቀሰች። እጁን ይዛ ዳኛ ቤት ሄደች፣ 'ተሳስቻለሁ' አለች። ስሙ ነጻ። ፊኒ፣ አለቀ።"

እኔም ሙቀጫዬን ትቼ አለቀስኩ። ሽማግሌው ጫቱ ስላልደቀቀ ተቆጡኝ።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ተሳቢ ይነዳል። ወደ ጅቡቲም ያመጣኝ በራሱ መኪና ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ጎኑ አስቀምጦ፣ ሙቀቱ ሲጀምር በእርጥብ ፎጣ ፊቴን እየጠረገ፣ "ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ነፋሱ አሸዋ አለው" እያለ። እኔ ቤት ስቀጠር እሱ እየተመላለሰ ይጠይቀኛል። ሾፌሮቹ ጭነት እስኪደርሳቸው ፔካ 12 ላይ ይቆማሉ፤ ከተማው አልቆ የኢትዮጵያ መንገድ የሚጀምርበት ቦታ ነው። መኪናው ሥር ጨርቅ ወጥረው ይተኛሉ፣ እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ይጣላሉ።

አንድ ማለዳ ጋሼ ወደ ወደቡ ሊገባ መኪናውን አስነስቶ ሲወጣ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ያያል። የጎማ ግቢ የሚጠብቅ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ ለሶላት ሲሄድ መኪና ገጭቶት ሄዷል። ከፊት የነበሩት ሾፌሮች ጠምዘዝ እያሉ አልፈውታል። ጥፋታቸው አይደለም አልልም፤ ጥፋታቸው ነው። ግን ለምን እንዳለፉት አውቃለሁ፦ ከወደቀ ሰው አጠገብ የተገኘ መኪና የገጨ መኪና ይባላል። ጋሼም ያውቃል። ቆመ። ሰውየውን አቅፎ ጋቢናው ውስጥ፣ እኔ ተቀምጬበት በነበረው ወንበር ላይ አጋደመውና ሐኪም ቤት ወሰደው። ሲደርስ ሰውየው ሞቷል። የጋሼ ሸሚዝ ደም በደም ሆኗል።

ፖሊስ ቃሉን ተቀብሎ ለቀቀው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ምንም ባልሆነ። ግን ፔካ 12 ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ የሟቹ ዘመዶች ተሰብስበዋል፣ የኢትዮጵያ መኪና ነው የገደለው ተብሏል፣ የአንዱ ተሳቢ መስታወት በድንጋይ ረግፏል። ሾፌሮቹ መሀል እንደ አባት የሚታይ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። አንቱ እለው ነበር፤ ትቼዋለሁ። ጋሼን ጠርቶ፣

"ሂድና ውደቅላቸው" አለው።

"እኔ አልገጨሁትም እኮ።"

"አልገጨኸውም። ግን ያነሳኸው አንተ ነህ፣ ነፍሱ የወጣችው እጅህ ላይ ነው፣ ደሙ ሸሚዝህ ላይ ነው። እጄ ላይ ስለሞተ ይቅር በሉኝ ብትል ምን ይጎድልብሃል? የሐዘንተኛ ልብ ይበርዳል። እኛም በመንገዱ በሰላም እናልፋለን።"

እኛ ያደግንበት አገር ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ሟች ቤት ይሄዳል፤ አንገቱ ላይ አድርጎ ደጅ ላይ ይንበረከካል፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" እስኪባል አይነሳም። ጥፋቱ ይነስም ይብዛም፣ የሱ ይሁን የዘመዱ፣ የሚሸከም ሰው ከተገኘ ነገር ይበርዳል። ጋሼ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችልም፤ ልጅ ሆነንም የሌላውን ጥፋት "እኔ ነኝ" ብሎ የሚገረፍ እሱ ነበር። ከመንገድ ዳር ጥቁር ድንጋይ አነሳ፣ አንገቱ ላይ አደረገ፣ ሾፌሮቹ ተከትለውት የሟቹ ቤት ሄደ። በቆርቆሮው ደጅ፣ በዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ ፊት ተንበርክኮ "ይቅር በሉኝ" አለ። ሴቶቹ ጮኹ። አንድ ሰው ከውስጥ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ ተመልሶ ገባ። ጋሼ ይቅርታው ያልተሰጠው ሐዘኑ ትኩስ ስለሆነ መሰለው።

በማግስቱ ታሰረ።

ፍርድ ቤቱን ማዳሜ ፈቅዳልኝ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሰዎች ተርጓሚው አሳስቶበት ይሆናል ይሉኛል፤ አላሳሳተም፤ የተረጎመው በሶማሊኛ ነው፣ ያን ደግሞ እሰማለሁ። አንድ ቃል አላጎደለም፣ አንድ ቃል አልጨመረም። ዳኛው ወረቀታቸውን ወደ ጎን አደረጉና በቀጥታ ጋሼን አዩት፦ "ያልገደለ ሰው ለምን ድንጋይ ይሸከማል?"

ጋሼ "ስላዘንኩላቸው" አለ።

ተርጓሚው "ስላዘንኩላቸው" አለ። እኔ ራሴ ከኋላ ሆኜ ስሰማው የነፍሰ ገዳይ መልስ መሰለኝ። ገጭቶ ሊያመልጥ ሲል ሰው ስላየው ተመልሶ ያነሳው ነው ተባለና ብዙ ዓመት ተፈረደበት። ያ አባት ነኝ ባይ ሽማግሌ ሾፌር ምስክር ሊሆን ሲጠበቅ ጭነት ደርሶት አገር ቤት ሄዷል።

አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ነው፤ እስር ቤቱም የሚያስገባው አርብ ነው። ምግብ እይዛለሁ። በር ላይ ወታደሩ በማንኪያ ያማስለዋል፤ ሩዙን ከወጡ፣ ወጡን ከሙዙ ቀላቅሎ የውሻ ምግብ አድርጎ ይመልስልኛል። ጋሼ እንደዚያው ይበላዋል። በሽቦው በኩል ስንተያይ የምናወራው እናጣለን። የቤተሰብ ወሬ ያስለቅሰዋል፣ የኔ ሥራ ያሳፍረዋል። ስለዚህ የሽማግሌውን ፊልሞች እተርክለት ጀመር። ሌሎቹን እንዲሁ ነው የሚሰማው፤ የዳቦ ጋጋሪውን ስጀምር ግን ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ዝናብ ስለነበረ?" አለ። "በቃ ዝናብ ስለነበረ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

ነገርኩት። ሴትየዋ ቀና እንዳለች፣ እንዳወቀችው፣ እንዳለቀሰች፣ እጁን ይዛ ዳኛ ቤት እንደሄደች። ጋሼ ከታሰረ ወዲህ ያላየሁትን ሳቅ ሳቀ። "ሴትየዋን መፈለጉ ደግ አደረገ" አለ። "ገዳዩን ቢያገኝ ምን ያደርግለታል? ያየው ሰው ነው 'እሱ አልነበረም' ሊልለት የሚገባ።"

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ፊልሙን ይጠይቀኛል። ሴትየዋ ምን ለብሳ ነበር፣ አበባው ምን ዓይነት ነው፣ ሰውየው ኮፍያውን በየትኛው እጁ አወለቀ። የማላውቀውን እየጨመርኩ እመልስለታለሁ። ቀን ቀን የሚያስበው እሱን ብቻ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ሲወጣ የሟቹ ልጅ ደጅ ሄዶ፣ ያለ ድንጋይ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ "በደንብ እዪኝ" ሊላት ነው። የሟቹ ልጅ ያን የድንጋዩ ቀን በር ላይ የነበረች፣ ፔካ 12 ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት።

ከዓመታት በኋላ ከሟቹ ቤት ሰዎች መልእክት መጣ። ሽማግሌዎቻቸው እስር ቤት ይመጣሉ፤ ጋሼ በፊታቸው "ገጭቼዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ" ይላል፤ እነሱ "ይቅር ብለናል" ብለው ይፈርማሉ፤ ይለቀቃል። ሌላ ምንም አልጠየቁም። ጋሼ በዚያን ጊዜ ኩላሊቱ ታሟል። እስር ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ የሰውን ውሃ ይጨርሰዋል፣ የሚጠጣው ደግሞ ጨው ጨው ይላል። እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም ነበር። ያ ግዙፍ ሰው ሸሚዙ ተሰቅሎ የቀረ ልብስ መስሎበታል።

እየሮጥኩ ሄድኩ። ሽቦው ጋ ደርሼ ትንፋሼ እስኪመለስ እንኳ አልጠበቅኩም። "ጋሼ፣ በላቸው። አንድ ቃል ናት። በላቸውና እንሂድ።"

"አልልም።"

"ለምን?"

"እታለም" አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እዚህ የገባሁት ይቅርታ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ይቅርታ ብዬ ልውጣ?"

"ልትሞት ነው እኮ!"

"ያ ሰውዬ አርጅቶ አይደል የወጣ? ሴትየዋ አወቀችው አላልሽኝም?"

ሰደብኩት። ታላቅ ወንድሜን፣ ያሳደገኝን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ደደብ" አልኩት። ተንበርክኬም ለመንኩት። ወታደሩ ተነሺ አለኝ። ጋሼ እንደ ልጅነታችን "አይዞሽ፣ ቀረብ በይ" ብሎ በሽቦው ቀዳዳ አንድ ጣቱን አወጣና ግንባሬን ነካኝ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ "አልገጨሁም" አላቸው፣ ሄዱ። ኮሩ ተብሎ ተወራባቸው፤ እሱም ኮራ ተብሎ ተወራበት።

የቀረውን የእስር ዓመት ሁሉ ጨረሰ። የማዳሜ ትንሿ ልጅ እኔ ጀርባ ላይ ትተኛ የነበረችው ቦርሳ አንግታ ትምህርት ቤት ትሄድ ጀመር። እኔም ከሷ ጋር እያነበብኩ ፈረንሳይኛው ገባኝ። ሽማግሌው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ጫቱን አሁን አድቅቄ በማንኪያ ሳይሆን በጣቴ አፋቸው ውስጥ ነው የማደርግላቸው። ጋሼ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ዝናብ ቴሌቪዥኑ ላይ ዘነበ። ዳቦ ጋጋሪው ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ ጣለና ሮጠ።

እጄ ሙቀጫው ላይ ቀረ። በዚህ ጊዜ መብራቱ አልጠፋም። ሰውየው አረጀ፣ ወጣ፣ አበባ ገዛ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ "ማዳም፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ እዪኝ" አላት። ሴትየዋ ቀና አለች። አየችው፣ በደንብ አየችው፣ ከዚያ ፈገግ ብላ፣

"ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ ሰፈር አዲስ ነዎት?" አለችው።

ሰውየው ኮፍያውን አደረገና ሄደ። አለቀ።

"ዋሽተውኛል!" ብዬ ጮህኩባቸው። በዚያ ቤት ድምፄን ያነሳሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው። "አባባ፣ ወንድሜ በዚህ ውሸት ነው እስር ቤት የቀረው!"

ሽማግሌው ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። እንደኔው ደንግጠዋል። "አንተ ልጅ" አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ፣ "እኔ እኮ ይሄን አላየሁም። በኛ ጊዜ ፊልሙ መጀመሪያ ሲመጣ፣ እኔ ያልነበርኩ ማታ፣ መጨረሻው ላይ ሰው ተቆጣ። ጫማ ወረወረ፣ ወንበር ሰበረ። ባለ ሲኒማው ፈራ። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ቀና ስትል መብራት ያበራ ነበር፣ 'ፊኒ፣ ውጡ' ይላል። እኛ ቤታችን ስንሄድ፣ መንገድ ላይ፣ ራሳችን ጨረስነው። አወቀችው አልን። ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያውቀው። ዋላሂ፣ እኔም አየሁት ብዬ ነበር።"

ጫታቸውን ወቅጬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አልበሉትም።

ጋሼ የወጣ ዕለት ገና በሩ ላይ "ፔካ 12 ውሰጂኝ" አለኝ። ቤት ገብተህ ታጠብ፣ ብላ፣ ሐኪም ይይህ ብለው አልሰማም። ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ማገጃ ሳጣ እውነቱን ነገርኩት። "ጋሼ፣ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። ሴትየዋ አላወቀችውም። ጨርሶ አላስታወሰችውም።"

በመስኮቱ የሚያልፈውን እያየ ነበር። እሱ የሚያውቀው ቦታ ሁሉ ተለውጧል፤ ለነፃ የንግድ ቀጠናው መሬት ይቆፈራል፣ አዲሱ ባቡር ብዙውን ጭነት ሊወስድ ነው እየተባለ ሾፌሮቹ ያማርራሉ። "እሱ አበባ ነው የገዛው" አለኝ በመጨረሻ። "እኔ ድንጋይ ተሸክሜ ነው የሄድኩት። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይረሳም።"

አልተረሳም። ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ወደ የመን ሊሻገሩ በእግራቸው የመጡ የኛ አገር ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ፤ የሟቹ ልጅ ከድስት ሻይ ትቀዳለች። ገና ከሚኒባሱ ስንወርድ ቀና አለች። ጭልፋውን አስቀመጠች። ጋሼ ያ ሁሉ ዓመት እንደተለማመደው ቀጥ ብሎ ሊቆም ሞከረ፤ እግሩ አልቻለለትም። ወንበር አመጣችለት። ወተት ያለበት ሻይ ቀድታ እጁ ላይ አደረገችለት።

ጋሼ ሶማሊኛ የሚያውቀው የመንገድ ቃላት ብቻ ነው። እኔ በዚያ ቤት ለምጄዋለሁ። "በይ ንገሪያት" አለኝ። "አባትሽን አልገደልኩም በያት። በደንብ ትየኝ።"

ነገርኳት። ሴትየዋ መቀነቷን አጠበቀች። ከዚያ ያለችውን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ለጋሼ ተረጎምኩለት፦

"እናውቃለን። ያኔም እናውቅ ነበር። የገጨውን መኪና ጎረቤታችን አይቶታል፤ ቀይ ነበር፣ ያንተ ነጭ ነው። ግን ያኛው አልመጣም። አንተ መጣህ። ድንጋይ ተሸክመህ ደጃችን ላይ ወደቅህ። አጎቶቼ ሰው ይፈልጉ ነበር፣ ደጅ ላይ የነበርከው አንተ ነህ። በኋላ ከበደን። ሽማግሌ የላክነው ለዚህ ነው፤ አንተ ገደልኩ ብትል፣ እኛ ይቅር ብንል፣ ሁላችንም እናርፍ ነበር። ለምን እምቢ አልክ?"

የጋሼን ፊት ለማየት ፈርቼ መሬት መሬት አይ ነበር። ቀና ስል የዳቦ ጋጋሪውን ፊት የማይ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ደስ ብሎታል። ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ፈገግ ብሏል።

"አየሽ?" አለኝ። "አይረሱኝም አላልኩሽም? ያውቃሉ። እዪ እንግዲህ፣ ከአፏ ሰማሁት።"

እኔ በዚያ ደስታ ልቤ ቆሰለ። ሰውን አውቀው ቀበሩት፣ አውቀናል ሲሉት ተደሰተ። ድስቱን ከነፍሙ መገልበጥ አማረኝ። ከዚያ ውሃ የሚጠጡትን ልጆች አየሁ፣ እጄን ሰበሰብኩ። ጋሼ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰላትና ወደ እኔ ዞረ።

"እግዜር ይስጥልኝ በያት።"

ክንዱን ይዤ ላስነሳው ሞከርኩ።

"በያት እንጂ እታለም። እውነቱን ነግራኛለች፣ እግዜር ይስጥልኝ በያት።"

ሴትየዋ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። "ምን አለ?" አለችኝ።

"ምንም አላለም" አልኳት።